«አይ አም አ ሂሮ» እንዴት አለቀ? ስለ ዞምቢው ማንጋ ፍጻሜ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የጃፓናዊውን ደራሲና ሠዓሊ የኬንጎ ሀናዛዋን ማንጋ (በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ) «አይ አም አ ሂሮ»ን ጨርሶ ጥያቄ ያላነሳ አንባቢ አላጋጠመኝም። እኔ ራሴ የመጨረሻውን ቅጽ ስጨርስ ገጽ የጎደለ መስሎኝ ወደ ኋላ ገልጬ ቁጥሮቹን አይቻለሁ። አልጎደለም። ከዚያ ወዲህ ማንጋውን ላዋስኳቸው ጓደኞቼ ደጋግሜ የመለስኩትን እዚህ አሰባስቤዋለሁ። ከሦስተኛው ጥያቄ ጀምሮ ፍጻሜው በግልጽ ይነገራል፤ ገና ያላነበበ ሰው እዚያው ቢቆም ይሻለዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ለማያውቅ ሰው፣ ስለ ምንድን ነው?

ሂዴኦ ሱዙኪ የ35 ዓመት ሰው ነው፤ የሚኖረው ቶኪዮ ነው። አንድ ጊዜ የራሱን ማንጋ ለማሳተም በቅቶ ነበር፤ ሥራው ግን ብዙ ሳይዘልቅ ቀረ። አሁን የሌላ ሠዓሊ ረዳት ሆኖ ቀኑን ሙሉ የሰው ሥዕል ዳራ ሲሞላ ይውላል። ማታ ብቻውን ሲሆን ይፈራል፤ ክፍሉ ውስጥ የሌሉ ሰዎች ይታዩታል፣ ያዋሩታልም። ከጎረቤቱ የሚለየው አንድ ነገር ቢኖር በሕጋዊ ፈቃድ የያዘው የዒላማ ስፖርት ጠመንጃ ነው። ጃፓን ውስጥ ጠመንጃ መያዝ እጅግ ጥብቅ በሆነ ሕግ የሚገዛ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሂዴኦም ሕግ አክባሪ ነው፤ ከተማው ሰው በሚበሉ ፍጡራን ተጥለቅልቆ እንኳ ያለ ፈቃድ መተኮስ ወንጀል መሆኑ ያስጨንቀዋል።

ከዚያ በሽታው ይመጣል። የተነከሰ ሰው ይለወጣል፤ ሌላውንም ይነክሳል። በታሪኩ ውስጥ እነዚህ ፍጡራን ዞምቢ አይባሉም፤ ዜድ ኪው ኤን ተብለው ይጻፋሉ፣ ሲነበብ ዞኪዩን ይሆናል። ከሌሎች ዞምቢዎች የሚለያቸው በሕይወት ሳሉ ያዘወተሩትን ነገር መድገማቸው ነው። ገበያተኛው አሁንም ይገበያያል፤ ከፍታ ዝላይ ይዘል የነበረው ወጣት ጭንቅላቱ ተደቁሶም መዝለሉን አይተውም። ለእኔ ከደሙ ሁሉ የሚያስፈራው ይህ ነው።

ማንጋው «ቢግ ኮሚክ ስፒሪትስ» በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ከ2009 እስከ 2017 ወጣ፤ አሳታሚው ሾጋኩካን በ22 ቅጾች ሰበሰበው። በእንግሊዝኛ የአሜሪካው አሳታሚ ዳርክ ሆርስ ሁለት ሁለት ቅጽ አንድ ላይ እየጠረዘ በ11 መጻሕፍት አቅርቦታል።

ርዕሱ ለምን እንግሊዝኛ ሆነ?

በጃፓንም ርዕሱ እንግሊዝኛው ነው፤ የተጻፈው ግን በጃፓን ፊደል ነው። ስለዚህ እኛም በራሳችን ፊደል ስንጽፈው ከደራሲው አልራቅንም። ትርጉሙ «እኔ ጀግና ነኝ» ማለት ነው። ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን ሂዴኦ የሚለው ስም ላይ ነው። ስሙ የሚጻፍባቸው ሁለት የቻይና ፊደላት በሌላ አነባበብ «ጀግና» የሚል ቃል ይሆናሉ። ሂዴኦ ራሱን ለሰው ሲያስተዋውቅ «ጀግና ተብሎ ይጻፋል፣ ሂዴኦ ተብሎ ይነበባል» ይላል። ልጆቻችንን ጀግኔ፣ አሸናፊ፣ ድል ነሣው እያልን የምንሰይም ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ወላጅ በስም ምኞቱን ያስቀምጣል፤ ልጁ ምኞቱን ተሸክሞ ያድጋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስሙን በጠራ ቁጥር ያፍራል። ሂዴኦ ከሚያፍሩት ነው። ይህን ስም ልብ በሉት፤ መጨረሻውን ያለ እሱ ማንበብ አይቻልም።

እሺ፣ በመጨረሻ ምን ይሆናል?

የቀሩት ሰዎች መንገድ ቶኪዮ ላይ ይገናኛል። በዚያን ጊዜ የተለወጡት ሰዎች አንድ በአንድ የሚንከራተቱ አይደሉም፤ እርስ በርስ ተጣብቀው ሕንፃ የሚያህል ግዙፍ አካል ሠርተዋል፤ የብዙ ሰው አሳብም በውስጡ እንደ አንድ ሆኗል። ከሂዴኦ ጋር የተጓዘችው ተማሪ ሂሮሚ በዚህ አካል ትዋጣለች። ነርሷ ኦዳ ከዚያ በፊት ሞታለች። የሂዴኦ ተፎካካሪ የነበረው ሠዓሊ ናካታ ኮሮሪና ጓዶቹ በሄሊኮፕተር ያመልጣሉ። ሂዴኦ አያመልጥም።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ሰው በሌለበት ቶኪዮ ውስጥ ብቻውን ሲኖር ያሳዩናል። የሚበላውን ያበቅላል፣ ያድናል። ክረምት ይገባል፤ በረዶ ይጥላል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። የሚያገኘው ሰው አይመጣም፤ እሱም ለመሞት አይወስንም። ታሪኩ እዚያ ላይ ያበቃል።

ታዲያ አንባቢው ለምን ያን ያህል ተቆጣ?

ቁጣው እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም አልበረደም። በጃፓን መጻሕፍት በሚሸጡ ድረ ገጾች ላይ የመጨረሻው ቅጽ የተሰጠው አስተያየት ከፊተኞቹ ጋር ሲነጻጸር ፊት የሚያስጠቁር ነው። እኔ ቁጣውን አላቃልለውም። ምክንያቱን ለመረዳት ግን ከመጨረሻው ቅጽ ይልቅ የመጀመሪያውን መመልከት ይበጃል።

ቅጽ 1 ከሞላ ጎደል ምንም የማይከሰትበት መጽሐፍ ነው። ሂዴኦ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ ከፍቅረኛው ከቴኮ ጋር ይጣላል፣ ይታረቃል። ከበስተጀርባ በዜናና በመንገድ ዳር አንዳንድ ነገር ትክክል እንዳልሆነ ይታያል፤ ሂዴኦ ግን የራሱ ጭንቀት ይበቃዋል። መጨረሻው ላይ ወደ ቴኮ ቤት ይሄዳል። በሩ አይከፈትም። ጎንበስ ብሎ ደብዳቤ በሚገባበት ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያያል። ቴኮ አልጋዋ ላይ ናት። ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ እኛም የምናየው እሱ የሚያየውን ያህል ብቻ ነው፤ ወለሉ፣ አልጋው፣ እግሯ። ትንቀሳቀሳለች። አነሣሷ የሰው አነሣሥ አይደለም፤ መገጣጠሚያዎቿ በተሳሳተ አቅጣጫ ይታጠፋሉ። ከዚያ ወደ በሩ ትሮጣለች። ይህን ሁሉ የሠራው ተራ የሆነ በር ላይ ያለ አንዲት የብረት ክዳን ነው።

እንዲህ ያለ ትዕግሥትና እንዲህ ያለ እጅ ያለው ደራሲ ስምንት ዓመት ሲያስከትለን መጨረሻው ላይ ሁሉን ይፈታልናል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነው። ደግሞም ቃል የገባ ይመስል ነበር፤ ታሪኩ ከጃፓን ወጥቶ በሌሎች አገሮች ያሉ ሰዎችን አሳየን፤ ኩሩስ የሚባል ምስጢራዊ ስም በየቦታው ተንሾካሾከ፤ ግዙፉ አካል ከምን እንደመጣና ወዴት እንደሚሄድ ፍንጭ ተሰጠን። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሳይቋጭ ቀረ። በየሳምንቱ መጽሔት እየገዛ ለተከታተለ ሰው ይህ ስምንት ዓመት የጠበቀው እንግዳ በር ላይ ደርሶ ሳያንኳኳ እንደመመለስ ነው። 22ቱን ቅጽ በአንድ ወር ያነበበ ሰው ቁጣው ቀለል የሚለው በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ፤ ያም ሆኖ አዝኛለሁ።

መጽሔቱ አስገድዶት ያቋረጠው አይሆንም?

ብዙ ሰው ይህን ይጠረጥራል፤ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች ፍጥነት ጥርጣሬውን ያጠናክራል። እኔ አላምነውም። ማንጋው የሾጋኩካንን የማንጋ ሽልማት ያገኘ፣ ገና ሳያልቅ በ2016 ትልቅ ፊልም የተሠራለት ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ አሳታሚ በጉልበት የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም። በተጨማሪም የተጣደፈ ደራሲ የመጨረሻ ገጾቹን በንግግርና በማብራሪያ ይሞላል። ሀናዛዋ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ዝም ብሎ በረዶ ሣለ።

በሽታው ከየት መጣ? መልሱ አምልጦኝ ይሆን?

አላመለጣችሁም። ግልጽ መልስ የለም።

እዚህ ላይ ቅሬታ የሚያቀርቡ አንባቢዎች ትክክል ናቸው እላለሁ። ደራሲው ምንጩን ለመተው ከፈለገ መብቱ ነው፤ ነገር ግን ፍንጭ መዝራትና ማጨዱን መተው ሌላ ነገር ነው። የውጭ አገሮቹ ምዕራፎች ከዋናው ታሪክ ጋር ተገናኝተው ቢሆን፣ ወይም ጭራሽ ባይኖሩ፣ ፍጻሜው አሁን ያለው ክብደት ሳይቀንስ መጽሐፉ ይጠነክር ነበር።

ሁሉም የሂዴኦ ቅዠት ነው የሚሉ አሉ። እውነት ሊሆን ይችላል?

ይህ አተረጓጎም ከአየር የመጣ አይደለም። ሂዴኦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የሌለ ነገር የሚያይ ሰው ነው። ያጂማ የሚባለው ሰው ከእሱ ጋር እያወራ ቁጭ ይላል፤ ከሂዴኦ ሌላ ግን ማንም አያየውም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከተማው ባዶ ሆነ ሲለን ለምን እናምነዋለን? የሚል አንባቢ የሚይዘው ነገር አለው።

እኔ ግን አልቀበለውም፤ ምክንያቴም አንድ ነው። ታሪኩ ሂዴኦ በሌለበትም ይቀጥላል። ሙሉ ምዕራፎች ሂዴኦን ፈጽሞ የማያውቁ ሰዎችን ይከተላሉ፤ ይራባሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ይከዳዳሉ፣ ይሞታሉ። እነዚህን ሁሉ የአንድ ሰው ሕልም ማድረግ መጽሐፉን ማራቆት ነው። ይልቅስ የሚያስደንቀኝ ነገር ሌላ ነው፤ ዓለም ሰላም ሳለች በቅዠት የተከበበው ሰው ዓለም ስትፈርስ ከሁሉም ይበልጥ ነገሮችን እንዳሉ የሚያይ ሆነ። ሌሎቹ ደነገጡ፣ አላመኑም፣ ሞቱ። እሱ መፍራትን ለዓመታት ተለማምዶታል።

ሂዴኦ በመጨረሻ ጀግና ሆነ ወይስ አልሆነም?

ከሁሉም ጥያቄዎች ይህኛው ይበልጥብኛል፤ የቀሩትም ወደዚህ የሚያደርሱ ይመስለኛል።

እኛ ዘንድ ፎካሪ ስሙንና የፈረሱን ስም፣ የገደለውንና የማረከውን ሲዘረዝር ፊት ለፊቱ ሰው አለ። ይቆማል፣ ይንጎራደዳል፣ «እኔ የእገሌ ልጅ» ይላል፤ ከዙሪያው «በለው!» የሚል ድምፅ ይመልስለታል። ፉከራ ያለ አድማጭ አይሆንም። ባዶ ሜዳ ላይ የሚፎክርን ሰው ሰው ቢያየው ለጤናው ይጸልይለታል። ጀግንነት ሌላው ሰው የሚሰጥህ ስም ስለሆነ ነው።

«እኔ ጀግና ነኝ» የሚለው ርዕስ ፉከራ ነው። ሂዴኦ ይህን ፉከራ ለመፎከር የበቃው ግን የሚሰማው ሰው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። መተኮስ ይችላል፤ ማደን፣ ማብቀል፣ ብርድን ማሳለፍ ይችላል። በመጀመሪያው ቅጽ ከአለቃው ፊት ቃል ማውጣት ያቅተው የነበረው ሰው በ22ኛው ቅጽ ሰው አልባ ከተማን ብቻውን ይኖርበታል። «ጀግና ተብሎ ይጻፋል» የሚለው ስም በመጨረሻ ልኩ ሆነ። የሚጠራው ሰው ግን የለም።

አንዳንድ አንባቢዎች ይህን እንደ ቅጣት ያነቡታል፤ ሰዎችን ማዳን ስላልቻለ ብቻውን ቀረ ይላሉ። እኔ ግን ከግዙፉ አካል ጋር አስተያይቼ አነበዋለሁ። በአንድ በኩል ሚሊዮን ሰው ተዋሕዶ አንዱ ከሌላው የማይለይበት፣ ብቸኝነት የሌለበት፣ «እኔ» የሚል ሰውም የሌለበት አካል አለ። በሌላ በኩል ብቻውን የሚበርደው፣ የሚርበው፣ ስሙን የሚያስታውስ አንድ ሰው አለ። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ብለን ያደግን ሰዎች ፊተኛው ሊያጓጓን ይችላል። ሀናዛዋ ሁለቱንም ጎን ለጎን አኑሮ «እኔ» ለማለት የቻለው ሁለተኛው ብቻ መሆኑን አሳየን። ለዚህ ነው ርዕሱ «ጀግና» ብቻ ሳይሆን «እኔ» የሚለውን ቃል ያስቀደመው ብዬ የማምነው።

ይህ የእኔ ንባብ ነው። ከእኔ ጋር የማይስማማ አንድ ጓደኛዬ «ታዲያ ሂሮሚን ለምን አላመጣለትም?» ብሎ እስከ ዛሬ ይሞግተኛል።

ሂሮሚ አለች ወይስ የለችም?

ሂሮሚ በሕፃን ዞኪዩን የተነከሰች፣ ግማሽዋ ሰው ሆና የቀረች ልጅ ናት። ወደ ግዙፉ አካል ከገባች በኋላ እንደ ድሮዋ ሆና አትመለስም። አሳቧ በሆነ መንገድ ይቀጥላል ብሎ የሚያምን አንባቢ መጽሐፉ አይከለክለውም። ሂዴኦ ጋ ግን አትደርስም።

ፊልሙን ባየው መልስ አገኛለሁ?

አታገኙም፤ ቢሆንም እዩት። ሺንሱኬ ሳቶ ያዘጋጀው፣ ዮ ኦይዙሚ ሂዴኦን የተጫወተበት ፊልም በ2016 የጸደይ ወራት በጃፓን ሲኒማ ቤቶች ሲታይ ማንጋው ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ታሪኩን የሚያደርሰው በአንድ የገበያ ማዕከል ውስጥ እስካለው ትግል ድረስ ብቻ ነው፤ ዋነኛው ክፍል የተቀረጸውም ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በተዘጋ የገበያ ማዕከል ነው። ፊልሙ የሚያበቃው ሂዴኦ፣ ሂሮሚና ኦዳ በመኪና ሲሸሹ ነው። ስሙን ሲጠየቅ «ሂዴኦ» ይላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጀግና ተብሎ ይጻፋል» ሳይል ሂዴኦ ብቻ መሆኑን ይናገራል። በፊልሙ ውስጥ ስሙን የሚጠይቀው ሰው አለ። በማንጋው ፍጻሜ ግን ጠያቂ የለም። ሁለቱን ፍጻሜዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሀናዛዋን ምርጫ ክብደት ይበልጥ ያየዋል።

ከዋናው ታሪክ ሌላ የወጡ መጻሕፍት አሉ?

አሉ። በኦሳካ፣ በኢባራኪና በናጋሳኪ የሚካሄዱ ታሪኮች በሌሎች ሠዓሊዎች እጅ ወጥተዋል። ወረርሽኙ በሌሎች ከተሞች ምን እንዳደረሰ ያሳያሉ፤ ስለ ሂዴኦ ዕጣ የሚጨምሩት ነገር የለም።

ሌሎች የዞምቢ ማንጋዎች የተሻለ ፍጻሜ አላቸው?

አንዱን ብቻ ላንሣ፤ ምክንያቱም ንጽጽሩ ልቤን ይነካዋል። «ሃይስኩል ኦፍ ዘ ዴድ» በዓለም ዙሪያ እጅግ የተወደደ የዞምቢ ማንጋ ነበር። ለዓመታት እየተቋረጠ ቆየ፤ አንባቢውም ጠበቀ። ታሪኩን ይጽፍ የነበረው ዳይሱኬ ሳቶ በማርች 2017 አረፈ፤ ማንጋውም ሳይፈጸም ቀረ። «አይ አም አ ሂሮ» የመጨረሻ ምዕራፉን ያወጣው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በፌብሩዋሪ ነበር። የሁለቱም ተከታታይ የነበረ ሰው በአንድ ወቅት ሁለት ክፍት በሮች ቀሩበት፤ አንደኛውን ሞት ነው ክፍት ያደረገው፤ ሁለተኛውን ግን ደራሲው ራሱ አስቦበት።

ይህን ልዩነት አንባቢ ሲያማርር አስታውሰዋለሁ። እኛ ተረት ስንጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» እንላለን፤ ተራኪው ተረቱን መልሶ ይረከባል፣ አድማጩ ነጻ ሆኖ ይተኛል። ሳቶ ይህን ለማለት ዕድሜ አላገኘም። ሀናዛዋ ዕድሜ ነበረው፤ ግን ተረቱን መልሱልኝ አላለም። እጃችን ላይ ትቶት ሄደ።

መጨረሻውን አሁን አውቄዋለሁ። ከዚህ በኋላ ማንበቡ ዋጋ አለው?

አለው፤ እኔ ሁለተኛውን ንባብ ከመጀመሪያው አስበልጠዋለሁ። ሀናዛዋ ከዚህ በፊትም ዓይን አፋርና የተሸነፉ ወንዶችን የሣለ ሰው ነው፤ ዞምቢው ለእሱ ሰበብ ነው። የጎዳናዎቹን፣ የመደብሮቹንና የክፍሎቹን ሥዕሎች ዝርዝር ፎቶግራፍ እስኪመስሉ ድረስ ነው የሚሠራቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነቡ ለመሸሽ ስለምትቸኩሉ አታዩአቸውም። መጨረሻውን ስታውቁ ቀስ ትላላችሁ። የሰው ብዛት ያለባቸው ገጾች ላይ ትቆያላችሁ፤ ባቡር ውስጥ የተጨናነቁ ትከሻዎች፣ ምግብ ቤት ውስጥ ሥራ የሚያማርሩ ረዳት ሠዓሊዎች።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። 22ኛውን ቅጽ እንደዘጋችሁ፣ ቁጣው ሳይበርድላችሁ፣ ቅጽ 1ን ክፈቱ። ሂዴኦ ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነው። መብራቱን አያጠፋም። ቀና ብሎ እዚያ ለሌለ ሰው ማውራት ይጀምራል።